የአለን አይቨርሰን ሹሩባ፣ እጅጌና ጫማ

የሹሩባ ሠሪ ሙያ የሚለየው ማጅራት ላይ ነው። ግንባር በኩል ሁሉም ትጠነቀቃለች፤ ባለፀጉሩ በመስታወት የሚያየው እሱን ነዋ። ማጅራት ጋ ሲደረስ ግን ፀጉሩ ያጥራል፣ ከጣት ይሾልካል፣ የራስ ቅሉም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እዚያ ላይ መስመሩ ሳይንጋደድ፣ ጉንጉኑም ውፍረቱን ሳይለቅ እስከ ጫፍ ከወረደ ለሠራችው እጅ መመስከር ይቻላል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ አለን አይቨርሰን በፊላዴልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ ማሊያ ሲጫወት ከጀርባው የተነሱትን ፎቶግራፎች አጥብቄ የማየው ለዚህ ነው። ስለ አመፀኛነቱ ብዙ ተብሏል። ራሱ ላይ፣ ክንዱ ላይና እግሩ ላይ ስለነበረው የእጅ ሥራ ግን የሚገባውን ያህል አልተባለም። የአይቨርሰን መልክ ከራሱ አልፎ የአንድ ትውልድ ስፖርተኞች አለባበስ የሆነው፣ እያንዳንዱ ነገር ለአንድ እውነተኛ ችግር መላ ሆኖ በሚገባ ስለተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። አመፅ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በአንድ የውድድር ዘመን ተረስቶ ይቀር ነበር።

ሰውየውን ለማያስታውሱ በአጭሩ ላስተዋውቅ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1975 በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሃምፕተን ከተማ ተወለደ። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በ1993 ቦውሊንግ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ ተከስሶ አራት ወር ታሰረ። የግዛቱ አገረ ገዥ ዳግላስ ዋይልደር ምሕረት አደረጉለት፤ ፍርዱንም በ1995 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተጫውቶ፣ በ1996 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆኖ ፊላዴልፊያ ገባ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83፣ ክብደቱ 75 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ ገላ ከግዙፎች መካከል እየገባ አራት ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሆኗል።

ጆርጅታውን ሳለ ፀጉሩ አጭር ነበር። ሹሩባ ተሠርቶ አገር ያየው በፌብሩዋሪ 1997 ክሊቭላንድ ላይ፣ በአዲስ ገቢዎች ጨዋታ ነው። ሊጉ ሃምሳኛ ዓመቱን እያከበረ፣ ታላላቅ ብሎ የመረጣቸውን 50 ተጫዋቾች አክብሮ የጠራበት ሰሞን መሆኑ ነው። ታላላቆቹ በተከበሩበት በዓል የ21 ዓመቱ ልጅ ፀጉሩን ተጎንጉኖ ብቅ አለ። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ሽልማቱን ሲቀበል የተቃውሞ ጩኸት ወረደበት። የጩኸቱ ምክንያት ፀጉሩ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ በዚያው ጨዋታ ሌላው አዲስ ገቢ ኮቢ ብራያንት 31 ነጥብ አስቆጥሮ ነበርና። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የአይቨርሰን ስም ከፀጉሩ ተለይቶ ተጠርቶ አያውቅም።

እሱ ራሱ የሰጠው ምክንያት ቀላል ነው፦ የፀጉር አስተካካይ ችግር። የኤንቢኤ ተጫዋች ከሚያደርጋቸው 82 መደበኛ ጨዋታዎች ግማሾቹ ከከተማው ውጭ ናቸው። በየሄደበት ከተማ የማያውቀው አስተካካይ ራሱን እያበላሸ ሲያስመርረው፣ አንዴ ተሠርቶ የሚሰነብት ነገር ፈለገ። በሙያ ዘመኑ በአማካይ በጨዋታ 41 ደቂቃ ሜዳ ላይ የሚቆይ ሰው ነበር፤ ጨዋታው ራሱ 48 ደቂቃ ነው። ይህ ሁሉ ላብ፣ ግፊያና ወለል ላይ መውደቅ ያለበት ነው። ፀጉሩ ይህን ችሎ ለሚቀጥለው ከተማ መድረስ ነበረበት።

ሥራው የሚጀምረው ከመስመሩ ነው። በማበጠሪያው ሹል እጀታ፣ የራሱ ቆዳ እስኪታይ ድረስ ፀጉሩ ይከፈላል። መስመሩ ከተንሻፈፈ ጉንጉኑ ምንም ቢያምር አያድነውም። ከዚያ ግንባር ላይ ሦስት ቀጫጭን ዘለላ ይያዛል፤ እየተጎነጎነ፣ በየእርምጃው ከሥሩ ጥቂት ፀጉር እየተጨመረ ወደ ኋላ ይኬዳል። ሙያው ያለው በሚጨመረው መጠን ላይ ነው። በዛ ሲል ጉንጉኑ ያብጣል፣ አነስ ሲል ይሰልላል። ጣት ከጠበቀ ግንባር ይወጠራል፣ ራስ ሲያም ያድራል፣ ውሎ አድሮም ፀጉሩ ከሥሩ ይነቀላል። ከላላ ደግሞ ሁለት ጨዋታ ሳይሞላ ይበተናል።

የአይቨርሰን የመጀመሪያ ሹሩባዎች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ የሚሄዱ ነበሩ። እየቆየ፣ በተለይ ከ2000 ወዲህ ባሉት ፎቶግራፎች፣ መስመሮቹ መታጠፍ ጀመሩ፤ ዚግዛግ የሚሄዱ፣ እርስ በርስ የሚቋረጡ፣ አናት ላይ የአልማዝ ቅርጽ የሚያወጡ ሆኑ። ይህን ለመሥራት እያንዳንዱ ማጠፊያ ከጎረቤቱ ማጠፊያ ጋር እኩል መታጠፍ አለበት። ራስ ደግሞ ክብ ነው። አናት ላይ ሰፊ የነበረው ክፍተት ወደ ማጅራት ሲወርድ መጥበቡ አይቀርም፤ መጥበቡ ከታወቀም ሠሪዋ ገና ከግንባር ስትነሳ የትኛውን ጉንጉን የት ላይ እንደምታሳርፍ ወስና መጀመር ይኖርባታል። ንድፍ በወረቀት የላትም። ልኩ ያለው በጣቷና በዓይኗ ውስጥ ነው። እነዚያን ፎቶግራፎች ሳይ የሚገርመኝ ይህ አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ መስመሮቹ ማጅራት ላይ ሲገናኙ አንዱም በጥድፊያ የተደፈጠጠ አይመስልም።

ሹሩባ ለኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። አልባሶ ሲሠራ ያየ ሰው ወፍራሙና ቀጭኑ ጉንጉን እየተፈራረቀ ሲወርድ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ሹሩባ የወንድ፣ ያውም የጦረኛ ወንድ ፀጉር መሆኑም ለኛ እንግዳ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሲነሱ ከሁሉ ቀድሞ ዓይነ ኅሊናችን ላይ የሚመጣው ሹሩባቸው ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛም በፎቶግራፍ የሚታዩት ፀጉራቸውን ተሠርተው ነው። ከመቅደላ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2019 ነው። የአይቨርሰን ሹሩባ ከኛ አልሄደም፤ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች እናት ለልጅ እያስተማረች፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ የራሳቸው ቅርስ ነው። ያም ሆኖ ንጉሥ በሹሩባ ሥሎ ላደገ ሰው፣ ያ ፀጉር አሜሪካ ውስጥ የወሮበላ ምልክት ተብሎ መቆጠሩ ያማል።

ንቀቱ በሠሪዎቹም ላይ ነበር። አይቨርሰን ጆርጅታውን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚያችው ዋሽንግተን ከተማ ፓሜላ ፌረልና ታሊብ-ዲን ኡቅዳህ የሚያስተዳድሩት ኮርንሮውስ ኤንድ ኩባንያ የተባለ የሹሩባ ቤት ያለ ፈቃድ በመሥራት ተከስሶ ነበር። የተጠየቀው ፈቃድ የሚገኘው ከውበት ሙያ ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ሹሩባ አያስተምርም። በኬሚካል ፀጉር ማለስለስ ያልተማረች ሴት፣ ከአያቷ የተማረችውን ጉንጉን መሸጥ አትችልም ማለት ነው። ባለቤቶቹ በ1991 ከተማዋን ፍርድ ቤት ገተሩ፤ ኋላም ሕጉ ተለወጠ። ይህን ታሪክ የማነሳው የአይቨርሰን ራስ ላይ የሚታየው ሥራ ከየት ተነስቶ የኤንቢኤ ሜዳ እንደደረሰ ስለሚያሳይ ነው። ሕግ እንደ ሙያ ሊቆጥረው ያንገራገረ ጥበብ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮኖች የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ታየ።

በ1999 ስላም የተባለው የቅርጫት ኳስ መጽሔት ያንኑ ፀጉር ፈትቶ፣ አበጥሮ፣ ጎፈሬ አድርጎ በሽፋኑ አወጣው። አይቨርሰን የ1970ዎቹን የፊላዴልፊያ ማሊያ ለብሷል። ፎቶውን ያነሳው ክሌይ ፓትሪክ ማክብራይድ ነው። ያ ሽፋን ከስፖርት መጽሔት ሽፋኖች እጅግ ከታወቁት አንዱ ሊሆን የበቃው ጎፈሬው ራሱ ሥራ ስላለበት ይመስለኛል፤ ዙሪያው ጉድለት የለውም፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። በዚያው ሰሞን የሊጉ የራሱ መጽሔት ደግሞ አይቨርሰንን በሽፋን ሲያወጣው ንቅሳቱንና ጌጡን በኮምፒውተር አጠፋ። ሁለቱን ሽፋኖች ጎን ለጎን ለሚያስቀምጥ ሰው የቱ በክብር እንደተሠራ ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም።

ክንዱ ላይ የሚያጠልቀው እጅጌ ደግሞ የተወለደው ከሕመም ነው። በጃንዋሪ 2001 የቀኝ ክርኑ አብጦ ያስቸግረው ነበር። የቡድኑ የጤና ባለሙያ ሌኒ ኩሪየር እንደ ቱቦ ተደርጎ ከተሠራ የመለጠጥ ባሕርይ ካለው ፋሻ ላይ ለክንዱ የሚሆን ቆርጦ አለበሰው። አይቨርሰን ያን አድርጎ ከቶሮንቶ ራፕተርስ ጋር ተጫወተና 51 ነጥብ አስቆጠረ። ነገሩ ዙሪያውን ያለ ስፌት የተሠራ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ስፌት ቢኖረው ክርን በታጠፈ ቁጥር ቆዳ ይፈገፍግ ነበር። ከክንድ እስከ አንጓ ሲሳብ መገጣጠሚያውን እኩል ይጫናል፣ ያሞቀዋል፣ ላብም ወደ መዳፍ አይወርድም። መዳፍ ደረቅ መሆኑ ኳስ ለሚያነጥር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ክርኑ ከዳነም በኋላ እጅጌውን አላወለቀም። ለዓይንም የሚሰጠው ነገር ነበረ፦ ያ ነጭ መስመር ከትከሻ በታች ጀምሮ እስከ አንጓ ድረስ የእጁን ጉዞ ያሳያል፤ ኳሱ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያልፍ ከላይኛው ወንበር የተቀመጠ ተመልካች እንኳ ይከተለዋል። ኩሪየር ይህን አስቦ አልቆረጠውም፤ ጥሩ መሣሪያ ከታሰበለት በላይ ሲያገለግል ማየት ግን ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ካርሜሎ አንቶኒ ለበሰው፣ ሌብሮን ጄምስ ለበሰው። ፋብሪካዎች ለክርን ስፖንጅ ጨመሩለት፣ ሊጉም አርማውን አትሞ ሸጠው። ዛሬ የትም አገር ባለ የትምህርት ቤት ሜዳ ክርኑን ታሞ የማያውቅ ልጅ ለብሶት ይታያል። አንድ የጤና ባለሙያ በመቀስ የቆረጠው ቁራጭ ፋሻ እዚህ ደረሰ።

ጫማው ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ትልቅ ድርጅትና የሠለጠነ ነዳፊ አለ። ሪቦክ ለአይቨርሰን የመጀመሪያውን ጫማ ያወጣው በ1996 ነው፤ ስሙ ክዌስችን፣ የነደፈውም ስኮት ሂዊት ነው። ገላው ነጭ ቆዳ ነው። ጣቶች ያሉበት የፊት ክፍል ብቻ ሌላ ቆዳ ተደርቦለታል፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ፣ የዕንቁ ብልጭታ የተቀባ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ የሚዋልል። ሶሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ነው። በውስጡ ሄክሳላይት የተባለው፣ እንደ ንብ ሰፈፍ ባለስድስት ማዕዘን ሆኖ የተከፋፈለ ማለስለሻ ይታያል። ከላይ የመጣውን ጫና ብዙ ቀጫጭን ግድግዳዎች ይካፈሉታል፤ ስለዚህ ሳይከብድ ይሸከማል።

ይህ ጫማ ለምን እንደዚህ እንደተሠራ ለማየት በ12 ማርች 1997 ማይክል ጆርዳን ፊት ለፊት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አይቨርሰን ኳሱን ወደ ግራ ሰደደ፣ ትከሻውንና ራሱን አስከትሎ ሄደ፣ ጆርዳን ተከተለው። በዚያች ቅጽበት የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ያለው ጫማው አንድ ጠርዝ ላይ ነው። እግሩ ጫማው ውስጥ አንድ ጣት ቢንሸራተት እንቅስቃሴው ይበላሻል። አልተንሸራተተም፤ ኳሱን ወደ ቀኝ መለሰ፣ ዘለለ፣ አስቆጠረ። በዚያ ምሽት 37 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ጨዋታውን ያሸነፈው ግን የጆርዳን ቡድን ነው። የፊተኛው ቆዳ መደረቡም ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም፤ እንዲህ በድንገት አቅጣጫ የሚለውጥ ተጫዋች የጫማውን ጫፍ ወለል ላይ እየጎተተ ይጨርሰዋል። ሂዊት ቶሎ የሚያልቀውን ቦታ አጠንክሮ፣ እዚያው ላይ ቀለሙን አስቀመጠ። ጥንካሬና ውበት በአንድ ቁራጭ ቆዳ ላይ ሲገናኙ ማየት የምወደው ነገር ነው። እንከኑም አይደበቅም፤ ያ ብርሃን አሳላፊ ጎማ ዓመታት ሲያልፉበት ወደ ቢጫ ይለወጣል።

በጁን 2001 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ሲደረግ እግሩ ላይ የነበረው አንሰር ከተባሉት የሪቦክ ጫማዎቹ አራተኛው ነው። ተጋጣሚው ሌከርስ በዚያ ዓመት የማጣሪያ ጨዋታዎች አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ነው የመጣው። አይቨርሰን 48 ነጥብ አስቆጠረ፤ ፊላዴልፊያ በተጨማሪ ሰዓት 107 ለ101 አሸነፈ፤ የሌከርሱ ታይረን ሉ ወድቆ ሳለ አይቨርሰን እግሩን አንስቶ በላዩ ሲራመድ የሚያሳየው ፎቶም የዚያ ምሽት ነው። የጫማው ክር በሽፋን ተከድኖ መሐሉ ላይ በዚፕ ይዘጋል። ዚፑ ፊቱን ልሙጥና ንጹሕ ያደርገዋል፤ ለፎቶግራፍ ግሩም ነው። ለእጅ ሥራው ግን ክዌስችንን አስበልጣለሁ፤ እዚያ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም።

ስለ ወርቅ ሐብሉና ስለ ሰፋፊ ካናቴራው ብዙ የምለው የለኝም፤ የዘመኑ ፋሽን ነበር፣ ብዙ ሰው ይለብሰው ነበር። ማሊያዎቹን ግን አልዘላቸውም። ሚቸል ኤንድ ነስ በ1904 እዚያው ፊላዴልፊያ የተቋቋመ የስፖርት ዕቃ ቤት ነው። በቀድሞ ዘመን የተለበሱ ማሊያዎችን ጨርቃቸውን፣ ቀለማቸውንና ፊደላቸውን እያጠና እንደገና ይሠራል። ቁጥሩ በቀለም የታተመ አይደለም፤ ተቆርጦ፣ አንዱ ጨርቅ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ ጠርዙ በጥቅጥቅ ስፌት ተይዟል። የ2000ዎቹ መጀመሪያ ራፐሮችና ተጫዋቾች እነዚህን በመቶ በሚቆጠር ዶላር እየገዙ ሲለብሱ፣ ልጆች ሳይወለዱ የተጫወቱ ሰዎችን ስም ከጀርባቸው ላይ አነበቡ።

በኦክቶበር 2005 የሊጉ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን የአለባበስ ደንብ አወጡ። ተጫዋቾች በሥራ ላይ ሳሉ ማሊያ፣ ካናቴራ፣ ኮፍያና ከልብስ በላይ የሚንጠለጠል ሐብል እንዳያደርጉ ተከለከለ። የተከለከሉት ነገሮች ተራ በተራ ሲነበቡ የአይቨርሰን ቁም ሣጥን ዝርዝር ይመስላል፤ እሱም ደንቡን በግልጽ ተቃውሟል፤ ሱፍ መልበስ የሰውን ጠባይ አይለውጥም ባይ ነበር። ተጫዋቾቹ ደንቡን አከበሩ፤ ነገር ግን ወደ ልብስ ሰፊ ሄደው ሱፉን በየራሳቸው ልክና ጠባይ አሰፉት። ድዌይን ዌድ፣ ሌብሮን ጄምስ፣ ራስል ዌስትብሩክ ከመኪና ወርደው መልበሻ ክፍል እስኪደርሱ ያለችውን መተላለፊያ የፋሽን መድረክ አደረጓት። አሁን ፎቶ አንሺዎች ከጨዋታው በፊት የሚሰለፉት እዚያ ነው። ሐብሉ ታገደ፤ ስፖርተኛ ራሱን መስሎ መልበስ ይችላል የሚለው ግን ቆየ፤ ይህን ያቆየው አይቨርሰን ነው።

አይቨርሰን በ2016 የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ገባ። የጫማው ነዳፊ ስም ጫማው በተነሳ ቁጥር ይነሳል። እጅጌውን የቆረጠው ሰው ጋዜጦች ላይ ተጠቅሷል። የሽፋኑ ፎቶግራፍ አንሺ ይታወቃል። ከሦስቱም በላይ ዘመኑን የለወጠው ሹሩባው ነው፤ በሙያ ደረጃም ከባዱ እሱ ነበር፤ ምክንያቱም በየጊዜው እየተፈታ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። የሠሩትን ሴቶች ስም ግን ከፎቶግራፎቹ ግርጌ ፈልጌ አጥቻለሁ። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ውስጥ መጽሔት የምታዘጋጁ፣ የሰው ፀጉር በሽፋናችሁ የምታወጡ ሰዎች፦ የፎቶግራፍ አንሺውን ስም ስትጽፉ የሹሩባ ሠሪዋንም ስም ጠይቃችሁ አብራችሁ ጻፉ።